የክፍል ሦስት የሕመምተኞች ዝርዝር

የታሰርኩት ጎብጬ ነው። ፈርቼ አይደለም፤ ወገቤ ነው። በባቡሩ ጥገና ክፍል የቶርኖ ሠራተኛ ነበርኩ። ከመታሰሬ ስምንት ዓመት በፊት የፉርጎ መንኮራኩር ስናነሳ ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር «ቀጭ» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቀና ለማለት ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። አብዮት ጠባቂዎቹ ቤቴ የደረሱት በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነበር።

«ቀና በል!» አለኝ አንደኛው።

«ትንሽ ታገሰኝ» አልኩት።

አጎንብሼ የሆነ ነገር የደበቅሁ መስሏቸው ፈተሹኝ። ሸሚዜ ሥር ያገኙት ሚስቴ የጠመጠመችልኝን የሱፍ መቀነት ብቻ ነው። እሱንም ወሰዱት።

የተከሰስኩት በመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ በተገኘ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የኔ አልነበረም። የማን እንደነበረ አውቃለሁ፤ ያኔ አልተናገርኩም፣ አሁንም አልናገርም። ምርመራው ሦስት ቀን ፈጀ። ስለ እሱ አንድ ነገር ብቻ ብዬ ልለፍ። በመጀመሪያው ቀን መርማሪው አጎነባበሴን አየና ወንበር አቅርቦልኝ፣ ልክ እንደ ሐኪም ለዘብ ባለ ድምፅ «የት ላይ ነው የሚያምህ?» አለኝ። ሞኝ ነበርኩና ነገርኩት። ያን ስሕተት ሁለተኛ አልሠራሁትም።

በአራተኛው ቀን ክፍል ሦስት አስገቡኝ። ቀድሞ የቆዳ መጋዘን ነበር። ቆዳው ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ጨውና ሽታው ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል፤ ላብ ያለበት ጀርባ ግድግዳውን ከተደገፈ ያቃጥላል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የድሬዳዋን የግንቦት ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አርባ ያህል ሰዎች ነበርን፤ ስንተኛ አንዱ ካልዞረ ሌላው አይዞርም።

የክፍሉ አለቃ «ካቦ» ይባላል፤ እሱም እንደኛው እስረኛ ነው። ከሳምንት በኋላ ካቦው ጠራኝና «የጤና ተጠሪው ተፈቷል። ካሁን በኋላ አንተ ነህ» አለኝ።

«እኔ ስለ ሕክምና ምን አውቃለሁ?»

«ከሁላችን በላይ የታመምከው አንተ ነህ። ከዚህ ሌላ ምን ትምህርት ያስፈልጋል?»

ቀልድ ይመስላል እንጂ እኔም በልቤ ተቀብየው ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ በወገቤ ምክንያት ያልረገጥኩት ደጅ አልነበረም። በሥራ ቦታችን ክሊኒክ የሚያቃስተውን አውቃለሁ፤ እዚያ ያላቃሰተ የሕመም ፈቃድ አያገኝም፤ እኔም ከደጃፉ ላይ ጀምሬ አቃስቼ ገብቼ፣ ፈቃዴን ኪሴ ከትቼ፣ ቀጥ ብዬ የወጣሁበት ቀን አለ። ወጌሻ ዘንድ የሚሄደውንም አውቃለሁ፤ እዚያ ማቃሰት ነውር ነው፤ ጥርስህን ነክሰህ ትጋደማለህ፣ ወጌሻው ምንም ሳይጠይቅህ በአውራ ጣቱ ሕመሙን ፈልጎ ያገኘዋል። ያው ወገብ፣ ያው ሰው፣ እንደየደጁ ሁለት ዓይነት በሽተኛ ነበርኩ። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ክፍል ሦስት ገብቼ እንደ ጀማሪ መሳሳቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሥራዬ እንዲህ ነበር። በየማክሰኞው የእስር ቤቱ ጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ጠረጴዛውን ዘርግቶ ይቀመጣል። ከየክፍሉ አምስት ሰው ብቻ ያያል። ከአምስቱ ለአንዱ፣ የባሰበት መስሎ ለታየው፣ ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል የሚያስወስድ ቁራጭ ወረቀት ይሰጣል። አምስቱን የምመርጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ በየማለዳው የሲጋራ ፓኮ ወረቀትና የእርሳስ ስባሪ ይዤ ከዳር እስከ ዳር እየዞርኩ «እንዴት አደሩ? እንዴት ነዎት?» እላለሁ፤ የሚሉኝን እጽፋለሁ።

ከሁሉ ቀድሞ የሚመዘገበው ጉምሩክ ነው። በጉምሩክ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለነበር ስሙን የሚጠራው አልነበረም። ገና ሳልደርስበት ጎኑን ይዞ «ዋሪያ፣ ጻፈኝ! ሞትኩልህ!» ይላል። ጽፌው ዞር ስል ደግሞ በጠርሙስ ክዳን ዳማውን ይቀጥላል፣ ያሸንፋል፣ ይስቃል። ማክሰኞ ጠረጴዛው ፊት ሲደርስ ማቃሰቱ ከግቢው አጥር ውጭ ይሰማል። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል፤ ወረቀቱን የሚወስደው ብዙ ጊዜ እሱ ነበር። ያስመስላል ብዬ አምን ነበር። ዝርዝሩ ውስጥ የማስገባው ካልገባ ክፍሉን ስለሚያውክ ነው።

በሌላኛው ጥግ ሐጂ ነበሩ። የጀልዴሳ ሰው ናቸው፤ መጋላ ሰፈር ቤት ሠርተው ግመልና ፍየል ይነግዱ ነበር። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ ሰርጎ ገብ አሳድረሃል ተብለው ነው የመጡት። ስድሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው፤ ሂናው ከሥሩ እየነጣ ከታሰሩ ምን ያህል እንደቆዩ ከጢማቸው ይነበብ ነበር። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ስለሆነ ኦሮምኛ ከልጅነቴ ጀምሮ እናገራለሁና አብዛኛውን ጊዜ በሱ እናወራለን። የድሬ ሰው ለአንቱታ ብዙ አይጨነቅም፤ እናቴ ከደጋ ይዛው የመጣችው ወግ ግን አልለቅ ብሎኝ እኔ እርስዎ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ይስቁብኛል።

«ሐጂ፣ እንዴት አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንተስ? ቤተሰብህ ደህና ነው? ልጆችህ?»

«ደህና» ብዬ እጽፋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሳቸው ስም ፊት «ደህና» ጻፍኩ። ማንም ያገራችን ሰው እንዴት አደርክ ሲባል የሚመልሰው ምን እንደሆነ እያወቅሁ፣ እኔ ራሴ አጎንብሼ እየዞርኩ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ፣ ሰላምታ እየሰበሰብኩ በሽታ የምመዘግብ መስሎኝ ነበር።

የነቃሁት በዓይኔ ነው። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሐጂ ለሶላት ሲነሱ አየኋቸው። ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱ፤ ይህ ሽማግሌ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ግን አንድ እርምጃ ሲራመዱ የግራ እግራቸው ጣቶች ብርድ ልብስ ላይ ተጎተቱና ተያዙ። ሐጂ አላወቁም። ሌላ እርምጃ ሊራመዱ ሲሉ ነው ወደ ታች አይተው እግራቸው እንደ ቀረ ያወቁት። ከዚያ እንደ ሁሉም ቆመው አይደለም የሰገዱት፤ ተቀመጡ። ከመቼ ጀምሮ ተቀምጠው እንደሚሰግዱ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አላስተዋልኩም። በየቀኑ አምስት ጊዜ ዓይኔ ሥር።

ያ ወጌሻ አንድ ቀን ወገቤን እያሸ «ወገብህ ሲያምህ አትፍራ፤ እግርህ ሲረሳህ ፍራ» ብሎኝ ነበር። የሐጂ እግር መርሳት ጀምሯል።

ጎናቸው ተቀመጥኩ። «ሐጂ፣ ወገብዎን ያምዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ።»

«እግርዎስ?»

«እግሩ የአላህ ነው። ሲፈልግ ይወስደዋል።»

«እንዲወስደው ዝም ብለን እናያለን?»

ፊታቸውን አዞሩ። ቆይተው «እኔ ለሰው ካማረርኩ የምከሰው ማንን ነው?» አሉኝ።

ለካቦው ነገርኩት፤ ካቦው ለክፍሉ ነገረ። የሚቀጥለው ማክሰኞ አራት ቀን ቀርቶታል። ከአምስቱ አንዱ ማድረግ ቀላል ነው፤ ከባዱ ድሬሰሩን ማሳመን ነበር። ድሬሰሩ ክፉ ሰው አልነበረም፣ የደከመው ሰው ነበር። ያልጮኸ ሁሉ ጤነኛ፣ የጮኸ ሁሉ ውሸታም ነው ለሱ፤ ከሁለቱ ደግሞ ጩኸቱን ማስቆም ይመርጣል። ስለዚህ ሐጂ ማቃሰት መማር አለባቸው ተባለ። አስተማሪው ያለ ምርጫ ጉምሩክ ሆነ።

«እይ ሐጂ፣ አንድ እጅህን እዚህ ጋ። ዓይንህን ጨፍን። አሁን ‹ውይ እናቴን!› በል።»

«እናቴ ሞታለች» አሉ ሐጂ። «እሷ ምን አጠፋች?»

«አቦ፣ አባባል ነው! እሺ፣ ‹ወገቤን› በል። ጮክ ብለህ።»

«ወገቤን» አሉ ሐጂ፣ ዕቃ ጠፍቶበት እንደሚጠይቅ ሰው በጨዋ ድምፅ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሐጂም ሳቁ። ያን ያህል ስቀን አናውቅም ነበር፤ ዘቡ በሩን በሰደፍ መታው። አራት ቀን ሙሉ አለማመድናቸው። ሰኞ ማታ ከፊታችን አንድ ጥሩ የማቃሰት ድምፅ አሰሙና ሁላችን አጨበጨብን።

ማክሰኞ ከጎናቸው ሆኜ ወደ ኒሙ ሥር ወሰድኳቸው። ድሬሰሩ ቀና ሳይል «እሺ ሽማግሌ፣ እንዴት ነህ?» አለ።

ሐጂ ጢማቸውን አስተካከሉ። «አልሐምዱሊላህ። አንተ ደህና ነህ ወይ? ልጆች ደህና?»

«ደህና ናቸው። ቀጥል!»

«ጌታዬ፣ እግራቸው እየተጎተተ ነው» አልኩ።

«አንተ ሐኪም ነህ?»

«ቶርኖ ሠራተኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ብረትህን ቅረጽ» አለና ለሚቀጥለው እጁን አወዛወዘ። የሚቀጥለው ጉምሩክ ነበር። ጮኸ። ወረቀቱን ያዘ።

ወደ ክፍላችን ተመለስን። ሐጂ አፍረው ነበር፤ «ሰውየው ሰላም ሲለኝ እንዴት ልስደበው?» አሉኝ። በሽታን መናገር እሳቸው ዘንድ ስድብ ነበር። እኔ በሳቸው ልናደድ ፈልጌ አቃተኝ፤ የተናደድኩት በራሴ ነው፣ በነዚያ ሦስት ሳምንቶች።

ጉምሩክ ዳማውን አልነካም። ቆየና መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ወረቀቱን ዘረጋልኝ። «ታማሚ አንድ፣ ከክፍል ሦስት» ይላል፣ ሌላ ምንም የለበትም። ስም የሚጽፍበት ጊዜ ድሬሰሩ አልነበረውም።

«እኔ ጮኼ ለሚቀጥለው ሳምንትም አገኛታለሁ» አለኝ። «እኚህ ሰውዬ ግን አፍ የላቸውም።»

«አንተስ? ያምህ የለም ወይ?» አልኩት፣ ትንሽ ቀልድ ቢጤ ጨምሬበት።

አላፌዘም። «ደም ነው የምሸናው» አለ። «ስጫወት ረሳዋለሁ። እዚያ ጠረጴዛ ጋ ስሄድ ደግሞ የረሳሁትን ሁሉ አንድ ላይ አወጣዋለሁ። ከዚያ ውጭ የት ልጩኸው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። የሕመም አዋቂ የተባልኩት ሰው አንዱን በዝምታው ጤነኛ፣ አንዱን በጩኸቱ አታላይ አድርጌ ጽፌ ነበር። ወረቀቱን ተቀበልኩት። አመሰግናለሁ ማለት አንሶብኝ እጁን ጨበጥኩት።

ሐሙስ ጠዋት በሩ ላይ የቆመው አሥር አለቃ ወረቀቱንና እኛን ተራ በተራ አየ። «አንድ ነው የሚለው። ሁለት ናችሁ።»

«ታማሚው እሳቸው ናቸው። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። አማርኛ አያውቁም» አልኩ። ሐጂ፣ በአማርኛ ግመል ሸጠው ቤት የሠሩት ሰውዬ፣ ምንም እንዳልገባቸው ሆነው ቆሙ። ከዚያ ሁሉ ልምምድ ያተረፍነው ይህችን ብቻ ነበር።

አሥር አለቃው ትንሽ አሰበ። አስተርጓሚ ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል መቆም የደረሰበት ሰው መሆኑ ያስታውቃል። የሐጂን ቀኝ እጅ ከኔ ግራ እጅ ጋር በአንድ ካቴና አሰረና ላንድሮቨሩ ላይ አስወጣን። ለኔም ለሳቸውም መውጣቱ ቀላል አልነበረም፤ አንዳችን አንዳችንን እየጎተትን ወጣን። ደረቁን ወንዝ ስንሻገር መኪናው ዘለለ፤ ሐጂ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ድምፅ አልወጣቸውም። መጋላ አጠገብ ስናልፍ አንገታቸውን ደፉ። የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው ነው።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አግዳሚው ሞልቷል። ነጠላ የለበሰች ሴት ለነርሷ ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደሚያማት ጣቷን እየቆጠረች ታስረዳለች። ከእሷ ቀጥሎ ሽርጥ ያገለደመ ገበሬ ክንዱ አብጦ፣ ለሚጠይቀው ሁሉ «ነጋ፣ ነጋ» ይላል፤ በኦሮምኛ ሰላም ነው ማለቱ ነው። ተራችን ደረሰና ገባን። ሐኪሙ ቀጭን ሰው ነበር፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ። ካቴናው እንዲፈታ አዘዘ። አሥር አለቃው ፈታና በሩን ተደግፎ ቆመ።

«የሚሉትን ብቻ ተርጉም» አለኝ አሥር አለቃው። «ከራስህ እንዳትጨምር።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አነሳ። «አባባ፣ እንዴት ነዎት?»

ተረጎምኩ። ሐጂ አከርካሪያቸው እንደፈቀደላቸው ቀጥ አሉ። ምን እንደሚሉ አውቄዋለሁ። የአራት ቀን ልምምዱ፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ እግራቸው፣ ሁሉም በአንድ ቃል ሊያልቅ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ሐኪሙ ሊጽፍ ጎንበስ ሲል አላስቻለኝም። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዴት ነዎት አይበሏቸው። እንዴት እንደሚሰግዱ ይጠይቋቸው።»

«አልኩህ እኮ!» አለ አሥር አለቃው ከበሩ እየተላቀቀ።

ሐኪሙ እጁን ብቻ አነሳ። ወታደሩን አላየም፤ እኔን ነበር የሚያየው። ከዚያ ወደ ሐጂ ዞረ። «አባባ፣ ሲሰግዱ እንዴት ነው የሚሰግዱት?»

ሐጂ አዩኝ። እንደ ከዳኋቸው ነው ያዩኝ። ግን ስለ ሶላት ተጠይቀው መዋሸት አይችሉም፤ ይህን ስላወቅሁ ነው ያስጠየቅኋቸው። ከዚያ በኦሮምኛ ጀመሩ፤ እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ተረጎምኩ።

«ከረመዳን በፊት ግንባሬ መሬት ይነካ ነበር። ረመዳን ሲገባ መጎንበስ ጀርባዬን እንደ ቢላ ቆረጠኝ፤ ቆሜ አንገቴን ብቻ ደፋሁ። ከዒድ ወዲህ መቆም አቃተኝ፣ ተቀምጬ ነው። አሁን ስቀመጥ እግሬን በእጄ አንስቼ ነው የማጣጥፈው። በእጄ ካልዳሰስኩት እግሬ የት እንዳለ አላውቅም።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ሸሚዛቸውን አስወልቆ በአውራ ጣቱ አከርካሪያቸውን ከላይ ወደ ታች እየተጫነ ወረደ። መሐል ላይ ሲደርስ ሐጂ ትንፋሻቸው ተቋረጠ። እዚያ ጋ አንዲት አጥንት እንደ ጠጠር ወጣ ብላ ትታያለች፤ ስንት ቀን አብረን ስንተኛ አላየናትም። ራጅ አስነሳቸው። ከሰዓት በኋላ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዞ «የአጥንት ነቀርሳ፣ ቲቢ ነው» አለኝ። «ንገራቸው፣ የሚድን በሽታ ነው። ሁለት ወር በየቀኑ መርፌ፣ ከዚያ ከዓመት በላይ ክኒን። እግሩ ገና አልሄደም። ትንሽ ብትቆዩ ግን ይሄድ ነበር።»

ነገርኳቸው። ሐጂ የሰሙት «የሚድን» የሚለውን ብቻ ነው፤ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ሦስቱንም ጊዜ እየሳቅሁ ነገርኳቸው። ከታሰርኩ ጀምሮ ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፣ የሆነ ነገር ሳይመሽበት የደረስንበት።

ሐኪሙ ማዘዣውን እየጻፈ፣ ለማንም እንዳልሆነ አድርጎ ተናገረ። «ከከተማ የመጣው ሕመሙን አስረዝሞ ይነግረኛል። ከገጠር የመጣው ተመስገን ይለኛል። ከናንተ ዘንድ የመጣው ደግሞ ወታደሩን እያየ ዝም ይላል። ለሦስቱም የምጠይቀው ያንኑ አንድ ጥያቄ ነው።» ቀና ብሎ አቋቋሜን አየ። «አንተስ?»

አሥር አለቃው በሩ ላይ ነበር። «ደህና ነኝ» አልኩ።

አልጫነኝም። የሐጂን መድኃኒት በሚጽፍበት ወረቀት ጀርባ አንድ ነገር ጨምሮ፣ ለነርሷ ሰጥቶ፣ ጥቂት የሕመም ማስታገሻ ክኒኖች በቁራጭ ወረቀት ተጠቅልለው መጡልኝ። «ይሄ ለአስተርጓሚው ነው» አለ። «ቆሞ መዋሉ አይቀርም።»

ድሬሰሩ የሆስፒታሉን ወረቀት ሲያነብ አጠገቡ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ማን በማን ወረቀት እንደሄደ ገብቶታል፤ አንድ ቃል ቢናገር ጉምሩክም እኔም ጨለማ ክፍል እንገባ ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ አደረገ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አምጣቸው። ሲሪንጁን ቀቅዬ እጠብቃችኋለሁ፤ አትዘግዩ» አለ። በየቀኑ ወጋቸው፣ አንድ ቀን ሳያስታጉል። በእሑዱም ከቤቱ እየመጣ ይወጋቸው ነበር። ሰውን በአንድ ማክሰኞ መፍረድ እንደማይገባ ያኔ ተማርኩ።

ሳምንት አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ለውጥ አልነበረም። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ እየዞርኩ ሐጂ ጋ ደረስኩ።

«ሐጂ፣ እንዴት አደሩ?»

«ምን አደርኩ!» አሉኝ ፊታቸውን ቋጥረው። «መርፌው መቀመጫዬን አደነዘዘው። ይሄ ሰሌን ይቆረቁራል። አንተ ደግሞ ታንኮራፋለህ። ግራ ጉልበቴ ሌሊቱን ሙሉ ሲወጋጋኝ ነው ያደረ።»

እርሳሴን ይዤ ቀረሁ። «ጉልበትዎ ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል ወይ! ያቃጥለኛል!»

ጉምሩክ «ሐጂ አማረሩ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ተነሳ፣ ሊስማቸው የመጣም ነበር። ሐጂ ምኑ እንዳስደሰተን አልገባቸውም፤ መቆጣታቸውን ቀጠሉ። በባሰባቸው ጊዜ ያልተናገሩት ሰውዬ ሲሻላቸው አፋቸውን ፈቱ፤ ስለ ሻዩ መቀዝቀዝ፣ ስለ ሩዙ ጠጠር፣ ስለ ጉምሩክ የዳማ ማጭበርበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ማማረር ሰምቼ አላውቅም። ጉምሩክም ጊዜው ደርሶ ኩላሊቱ ውስጥ የነበረችው ጠጠር ወጣችለት፤ በክብሪት ቀፎ አድርጎ ለአርባ ሰው አዙሮ አሳየ፤ ሁላችንም እንደ ወግ እንኳን ማርያም ማረችህ አልነው።

ሐጂ መርፌው በተጀመረ በሰባተኛው ወር ተፈቱ። ስማቸው ሲጠራ ማክሰኞ ነበር፤ ድሬሰሩ ኒሙ ሥር ተቀምጧል፣ እኛ ከአምስት ሰው ጋር ተሰልፈናል። ሊወስዳቸው የመጣው የእህታቸው ልጅ ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል አስጣሉት። በሁለት እግራቸው፣ ትንሽ እያነከሱ፣ ግቢውን አቋርጠው ሄዱ። በሩ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ቆሙ። ተመለሱ። የመሰለኝ ረስተውት የሄዱት ነገር ያለ ነው።

ቀጥታ ወደ ጠረጴዛው መጡ። የሚፈታ እስረኛ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ዘቦቹ እንኳ መንገድ ለቀቁላቸው። ሐጂ በዚያ የገበያ አማርኛቸው፣ ጮክ ብለው፣ ጣታቸውን ወደኔ ቀስረው ለድሬሰሩ ነገሩት።

«ይሄ ሰውዬ ወገቡ በሽተኛ ነው። ብዙ ዓመት። የሁሉን ሰው ይጽፋል፣ የራሱን አይጽፍም። አፍ የለውም። እኔ ነኝ አፉ። አንተ ጻፍ!»

ድሬሰሩ እኔን አየ። ጻፈ። ሐጂ መጻፉን ጎንበስ ብለው አረጋገጡ፤ ማንበብ አይችሉም፣ ግን እርሳሱ እስኪቆም ጠበቁ። ከዚያ ወጡ።

እኔ ለመፈታት ሌላ ዓመት ፈጅቶብኛል። ያን ሁሉ ጊዜ ስሜ ዝርዝሩ ላይ ነበር፤ ድሬሰሩ በየማክሰኞው ሸሚዜን ያስወልቀኛል፣ ክኒን ሲኖረው ይሰጠኛል፣ ሳይኖረው በእጁ አሽቶኝ ይሰደኛል። ወገቤ አልዳነም። ዛሬም ጠዋት ቀና ለማለት ጊዜ ይፈጅብኛል፤ ሰባ ዓመት ላለፈው ሰው ደግሞ ይህ ብርቅ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ጤና ጣቢያ ወስዳኝ ነበር። ነርሷ ወጣት ናት፤ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ «እንዴት ነዎት?» አለችኝ። ነገርኳት። ጫማዬን ራሴ ማሰር ካቃተኝ ሁለት ወር እንደሆነኝ፣ አልጋዬ ላይ በየትኛው ጎን እንደምተኛ፣ ሳስል እስከ ተረከዜ የሚወርደውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ልጄ አፍራ እጅጌዬን ጎተተችኝ፤ «አባዬ፣ ሰው ተሰልፏል» አለችኝ። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር።